አወልን ስድብ ማስተማር

ፌብሩዋሪ 2፣ 2021

ኤርፖርት ዋልኩ። ሥራዬ ዊልቸር መግፋት... ግን የሚገፋ ሰው የት አለ? ኮሮና ሁሉንም ቤቱ አስቀምጦታል። ስለዚህ ራሴ ቁጭ አልኩበትና አወልን "ግፋኝማ፣ ወገቤን ነው" አልኩት። ገፋኝ። ሴቶች ሽንት ቤት በር ላይ ጥሎኝ ሄደ! ፈገግ እንኳን ሳይል። ይሄ ልጅ ቀልድ ያውቃል እንዴ?

አወል ቀን ከኔ ጋር ዊልቸር ይገፋል፣ ማታ ስፕሪንግ ቫሊ ጂም ውስጥ ቦክስ ይሠራል። ማናጀሩ ጋሽ የሺዋስ ናቸው። ድሮ ታክሲ ነጂ፣ አሁን ማናጀር፣ ኮፍያው ያው ነው። ከሰዓት ደወሉልኝ።

"ሊውል፣ አንተ ምላሰኛ ነህ አይደል?"

"ማን አለዎት?"

"ማን ያላለ አለ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለ አንድ የውድድር አዘጋጅ ክላይቭ ለሚባል የሸፊልድ ቦክሰኛ ከውጭ ተጋጣሚ ይፈልጋል። ወይ አወል፣ ወይ አንድ ሜክሲካዊ። ዝም ያለ የውጭ ሰው ለእንግሊዝ ተመልካች አይሸጥም፣ ተሳዳቢ ይሁን ብሏል። ሁለቱም በቪዲዮ ከክላይቭ ጋር ይቀርባሉ፣ ሕዝቡ የወደደው ይሄዳል። አወል ሃያ ዘጠኝ ሞልቶታል... ይሄ ካመለጠኝ ቦክስ በቃኝ ብሏል።

"ስድብ አስተምርልኝ" አሉኝ ጋሽ የሺዋስ።

ስድብ! በስተመጨረሻ ሙያዬን ያወቀልኝ ሰው ተገኘ።

ፌብሩዋሪ 5

የክላይቭን ፎቶ አሳየሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጺሙ ሸብቷል።

"በል፣ ሽማግሌ፣ ጡረታ ውጣ በለው።"

"ኧረ ነውር ነው! ታላቄ አይደል እንዴ?"

"ልትደበድበው አይደል የምትሄደው?"

"እሱማ ሥራ ነው።"

መደብደብ ሥራ፣ መስደብ ነውር... እሺ።

ፌብሩዋሪ 9

አንድ ስድብ ያዘልኝ። "ዩ አር ፊኒሽድ፣" አለቀልህ እንደማለት። ግን ሲለው ይቅርታ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። መጨረሻው ላይ "ሰር" ጨመረበት። በሳቅ ሞትኩ። ጋሽ የሺዋስ አልሳቁም።

ፌብሩዋሪ 13

ዛሬ ነበር። ሜክሲካዊው ቀድሞ ገባ። ክላይቭን ከጺሙ እስከ ጫማው ሰደበው፣ ኮሜንቱ ጎረፈ።

ከዛ አወል... ክላይቭ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ከወንበሩ ተነሳ! ለታላቅ ነዋ! ጭንቅላቱ ከካሜራው ወጣ፣ እንግሊዝ በሙሉ የሚያየው ቀበቶውን ነው። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ሱሪውን እጎትታለሁ፣ "ቁጭ በል!" ቁጭ አለ። ከዛ አንገቱን ሰበር አድርጎ በዛች እንግሊዝኛው ሰላምታውን ጀመረ። እንዴት ነህ፣ ጤና እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ እናት እንዴት ናቸው...

ጋሽ የሺዋስ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉት።

"ፋይን" አለ ክላይቭ፣ ደህና ነኝ ለማለት ያህል።

"ሪሊ ፋይን?" አለ አወል፣ የእውነት ደህና ነህ እንደማለት።

ሰውዬው ተናገረ። እናቱ ያለችው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው፣ በኮሮና ምክንያት በመስኮት ብቻ ነው የሚያያት። መስታወቱን ስትነካ እሱም ይነካል። አወል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ሶሪ፣ ሶሪ" ይላል። ስድቡስ? ረሳው። አለቀልን በቃ።

ፌብሩዋሪ 15

አላለቀልንም! እንግሊዞች ቪዲዮውን ሲቀባበሉት ሰነበቱ። አንዷ "ስለ እናቴ እንዲህ አጥብቆ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ይሄ ልጅ ሲጋጠም አያለሁ" ብላ ጽፋለች። ክላይቭም ራሱ "ያንን ጨዋ ልጅ አምጡልኝ" አለ።

ሮጬ ለአወል ነገርኩት።

"ምን አደረግኩ?"

"ሰላም አልክ።"

"ታዲያ ሰላም አይባልም እንዴ?"

ኤፕሪል 17

የአወልን ግጥሚያ እረፍት ክፍል ውስጥ በስልክ አየሁት። በነጥብ ተሸነፈ። ግን የክላይቭ ፊት... አባብጦ ዓይኑ ጠፍቷል። ተቃቅፈው ቆዩ። አወል ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሲለው ክላይቭ ራሱን ነቀነቀ። ምን እንደጠየቀው ይገባኛል።

ጋሽ የሺዋስ ከለንደን ደወሉ። እያለቀሱ ነው እየሳቁ? ለአወል ሌላ ሁለት ውድድር ተፈርሞለታል። እዛው ሊቆይ ነው።

ሜይ 8

አዲስ ቦክሰኛ ተሰጠኝ። ያብስራ ይባላል። እዚሁ እኛ ጋ፣ ዊንቸስተር ሰፈር ያደገ፣ ዓይኑን ሲገልጥ መሳደብ የሚጀምር ልጅ። "ለእንግሊዝ ይሄም ይሸጥልኛል፣ ሰላምታ አስተምርልኝ" አሉኝ ጋሽ የሺዋስ። ሰላምታ! እኔ!

ጂም ውስጥ ልምምዱን ልቀርጽ ካሜራዬን ከፈትኩ፣ ክላይቭን የምሆነው እኔ ነኝ።

"ብሮ፣ እናትህ እንዴት ነው?" አለኝ በዛ በተሰባበረ አማርኛው።

"እንደ ፖሊስ አትጠይቀኝ። ቀስ በል።"

"ማዘር... እንዴት ነው?"

"ፋይን።"

"ሪሊ ፋይን?"

ሙድ ልይዝበት አፌን ከፈትኩ... አልመጣልኝም። የምትሠራበት ሆቴል በኮሮና ከተዘጋ ጀምሮ እናቴን ወደ ሥራ የጠራት የለም። መጋረጃውን ዘግታ ነው የምትውለው። ማታ ስገባ ቀልድ እነግራታለሁ፣ ለኔ ብላ ትስቃለች። ለማንም አውርቼው አላውቅም። ነገርኩት።

ያብስራ ጓንቱን አወለቀ።

"ካሜራውን አጥፋው" አለኝ።

አጠፋሁት።