በፋብሪካው በር ላይ የልጄን ዳቦ ለበላችሁ

ለሳሙና ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር ክቡር ሊቀመንበር
ባሕሪ፣ ካርቱም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ፣ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዝናሽ እባላለሁ፤ እዚሁ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። አረብኛዬ ከገበያ ስለማያልፍ በአማርኛ ጽፌያለሁ፤ የሚተረጉምልዎ አይጠፋም። በድል በዓላችሁ ላይ «አንድ የውጭ አገር ሰው» ብለው ያነሱት፣ ማደባለቂያው ማሽን የገደለው የቀን ሠራተኛ፣ ልጄ ፀጋአብ ነው።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያላችሁ። የማሽኑ መከለያ ወልቆ ሳለ አንሠራበትም ብላችሁ ሥራ ማቆማችሁ ትክክል ነበር፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምለው። አንድ ሰው ብቻውን ቢጮህ ማን ይሰማዋል? የፋብሪካው ባለቤት ግን ማሽኑን ከማስጠገን ይልቅ፣ መኪና ልኮ ከካላክላ መንገድ ዳር የሰው ልጅ ማስጫን ቀለለው። ቅሬታዬ ግን የሚከተለው ነው።

1. ልጄ በመጀመሪያው ቀን ሲመጣ እናንተን በሩ ላይ ተቀምጣችሁ አገኛችሁ። እኛ ዘንድ ፋብሪካ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሥራ ያጣ ነው። ፀጋአብም እንደ እሱ የቀን ሠራተኞች ሆናችሁ ሳትመረጡ የቀራችሁ መስላችሁት፣ አልፏችሁ መግባቱ አሳፈረው፤ «ኢንሻአላህ፣ ነገ የእናንተ ተራ ነው» ብሎም አጽናናችሁ። ማታ «እማዬ፣ የአባት ያህል ሰዎች ናቸው፤ ነገ ዳቦ ጨምሪልኝ» አለኝ። ጨመርኩለት። አብሮት የገባው ባዬ እንደነገረኝ ዳቦውን ተቀብላችሁ በልታችኋል። ስላላሳፈራችሁት አመሰግናለሁ።

2. በልታችሁ ስታበቁ ማሽኑ ክፍት መሆኑን አልነገራችሁትም። አድማ የሚሰብርን ሰው ማናገር ደንባችሁ ይከለክል ይሆናል። ሆኖም «ማ ትኹሽ»፣ አትግባ ማለት፣ አፍ ዳቦ ይዞም ቢሆን የሚቻል ነው። ልጄ ያን ያህል አረብኛ ያውቅ ነበር።

3. እሱ በሞተ ማግስት ባለቤቱ ደንግጦ መከለያውን አስገጠመ፣ እናንተም በዘፈን ወደ ሥራችሁ ገባችሁ። ማኅበር ለኩባንያውም ለሠራተኛውም ይበጃል ሲባል እሰማ ነበር፤ እውነት ነው፣ ፋብሪካው ሥራውን፣ እናንተም እጃችሁን አተረፋችሁ። የቀን ሠራተኛ ከሁለቱ በየትኛው እንደሚቆጠር ብቻ ቢያስረዱኝ።

ካሣም ሐውልትም አልጠይቅም። ሌላ ጊዜ ሥራ ስታቆሙ አንድ ሰው ወደ ካላክላ ላኩ፤ መንገድ ዳር ለቆሙት ልጆች ለምን እንዳቆማችሁ ይንገራቸው። ዛሬም እዚያው ቆመዋል፤ ባዬም አብሯቸው ነው። ልጄ ቢያውቅ ኖሮ አብሯችሁ በተቀመጠ ነበር፤ ዳቦውን እንደሆን ይዞ ነበር የመጣው።

ለአባላቱ ሁሉ፣ ለአባላቱም ብቻ፣ ለሚያስቡት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አባል ያልነበረው የፀጋአብ እናት
ዝናሽ

ግልባጭ፦
ካላክላ መንገድ ዳር ሥራ ለሚጠብቁ

ማስታወሻ፦ ዳቦው የተጠቀለለበት ሰማያዊ ፎጣ አልተመለሰልኝም። ዳቦ የምጠቀልልለት ስለሌለ አልቸኩልም። ስትመልሱት ግን ሳሙና ሞልቶናል ብላችሁ እንዳታጥቡት፤ የልጄ እጅ ነክቶታል። የእናንተም ነክቶታል፤ እሱን እችለዋለሁ።