ከዲዮቅልጥያኖስ ጋር አንድ ሳምንት

ሰኞ

በታሪክ ክፍላችን ዕጣው ዲዮቅልጥያኖስን አወጣልኝ። ስንት የሮም ንጉሥ እያለ! አጠገቤ ለምትቀመጠው ፖላንዳዊት አውግስጦስ ደረሳት፤ ለእኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይዘጋ፣ ቤተ ጣዖት ይከፈት ያለው ሰውዬ። የተጠመቅሁበት ደብር ፋሲለደስ ነው። ሰማዕቱን ፋሲለደስን ያስገደለው ማን ሆነና? መምህራችንን ይቀየርልኝ ብላት በአገሯ ቋንቋ «ናይ፣ አይሆንም» አለች ፈገግ ብላ። ፈገግታዋን ጠላሁት።

የቃል ፈተናው ዓርብ ነው። ለነርስነት ትምህርት ለማመልከት የቀረኝ ይህ የታሪክ ፈተና ብቻ ነው። አምና ወድቄበታለሁ። ዘንድሮም ከወደቅሁ ኦከርን ሰፈር የሰው ቢሮ ስወለውል ልከርም ነው።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ሦስት ገጽ ጻፍኩ፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ። ሰውየውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው የለ? ግብፅ ውስጥ የፍየል እረኛ ነበር። ዋሽንት ሲነፋ ፍየሎቹ ይጨፍራሉ። ሰይጣን አግዞት ነገሠ፣ ክርስቲያኑን ፈጀ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ጠፍቶ ሲለምን ሞተ። እሰይ ብዬ አራት ነጥብ አኖርኩበት።

ረቡዕ

ልምምድ ነበር። ፍየሎቹ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯ «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለች። ከቤተ ክርስቲያን አልኳት። በዚህ ፈተና አያልፉም አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰፈሬ ግሮሩድ እስክደርስ ባቡሩ ውስጥ እርር ድብን አልኩ። ቤት ስገባ ጭራሽ ልጄ ማህሌት መጽሐፌን ገልጣ ታስተምረኝ ጀመር። የተወለደው ከአድሪያቲክ ባሕር ማዶ ነው አለች። ግዛቱን ለአራት ከፍሎ አስተዳደረ፣ የገበያ ዋጋ ወሰነ፣ ዙፋኑን በፈቃዱ ለቆ ጎመን ሲተክል አረጀ። «እማዬ፣ ጎበዝ ነበር እኮ።» ይህን የምትለው ሥዕለ ማርያም ሥር ቁጭ ብላ ነው። ወጥሽን ራስሽ አሙቂ አልኳትና መኝታ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ

ጎመኑ ነው ያንገበገበኝ። ያን ሁሉ ሰው አሳርዶ ጎመን ይትከል? ጎመኑስ እንዴት በቀለለት?

ማህሌትን ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ ግን አብረን አጠናን። አንድ መልካም ነገር ሳትናገሪለት አያሳልፉሽም ትላለች። ስለዚህ የማልረሳው፦ አራቱ ገዢዎች። ግብሩ። የዋጋው ዐዋጅ (አልሠራለትም፣ ደስ ብሎኛል)። በፈቃዱ መልቀቁ። ክርስቲያኑን መፍጀቱን መጻፍ አያስፈልገኝም፤ እሱን መቼም አልረሳው።

ዓርብ

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ፤ መምህራችንና ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ አንድ ሽበታም ሰው። ያጠናሁትን ሁሉ ሳልደናቀፍ አልኩ። ሥልጣን መልቀቅ ለንጉሥ ከባድ ነው ብዬ እንኳ አመሰገንኩት፤ ምላሴ እየመረረው።

ሽበታሙ ስለ ፍየሎቹ ሰምቶ ኖሮ ራሱ ጠየቀኝ። እኛ ዘመን ስንቆጥር እንኳ ከርሱ መንገሥ ተነሥተን ዓመተ ሰማዕታት እንላለን፤ የተገደለ ሕዝብ ገዳዩን እንዴት እንደሚያስታውስ ከዚህ ይታያል አልኩት። እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ። ደስ አለኝ።

ቀጥሎ «አንቺስ ታምኚበታለሽ?» አለኝ።

«ናይ» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። ተረት ነው ብዬ ደግሞ ጨመርኩ፣ ማንም ሳያስገድደኝ።

ከስድስት አራት ሰጡኝ። አለፍኩ።

ቅዳሜ

ማህሌት ኬክ ገዝታ መጣች። ማመልከቻውን አብረን ሞልተን ላክን። አንገቴን አቅፋ «ኮርቼብሻለሁ» አለችኝ፤ እኔ ግን የእኔን ቁራሽ ወደ እሷ ገፋሁት።

ያ ጨካኝ ሰይፍ አስመዝዞ አንድ ጥያቄ ያስጠይቅ ነበር። ፋሲለደስ ተጠይቆ አንገቱን ሰጠ። እኔን አንድ ጨዋ ሽበታም፣ ውሃ ቀድቶ አቅርቦልኝ ጠየቀኝ፤ ካድኩና አራት አገኘሁ። ፍየሎቹ ይጨፍሩ አይጨፍሩ እግዜር ይወቀው። የጨነቀኝ እሱ አይደለም።

ነገ ቅዳሴ አለ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የምቆመው።