በተራ አየር የሚሞቱት

ኅዳር 4
የአልጌዎቼን ብልቃጦች ቀየርኩ። አረንጓዴያቸው ደስ ይላል። ብርሃን ሲበረታ አልጌ ሁሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክስጅን ይስባል፤ በዚያ ሰበብ አሞኒያ ይፈጠርበታል። ጤነኛው መልሶ ይጠቀምበታል። በጨረር መትቼ ያበላሸኋቸው የኔዎቹ አይችሉም፣ ውሃው ውስጥ ይለቁታል ባይ ነኝ... ተራ አየር ስለሚገድላቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሲሊንደር እየሰጠሁ አኖራቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ብልቃጥ ለጥቂት ሰዓት ተራ አየር ሰጥቼ ውሃውን እፈትናለሁ። ፕሮፌሰሩ "በዚህ ወር ማስረጃ ካላሳየሽኝ መደርደሪያውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብለዋል።

ኅዳር 7
ወንድሜ ደወለ። "አባዬ ወድቋል፣ ቶሎ ነይ።" አጠገቤ ለሚሠራው ለጢሞ (ጢሙ ቀድሞት ነው የሚገባው) "ጋዙን አደራ" አልኩት። "ሂጂ፣ እኔ አለሁ።"

ኅዳር 8
አባዬ አላወቀኝም።

ኅዳር 12
አባዬ ነቃ፣ ተመስገን። ተመለስኩ... በሩን ስከፍት ብልቃጦቼ ሁሉ ነጥተዋል። ሲሊንደሩ ባዶ። ጢሞ የሲሊንደሩን መለኪያ እየነካካ "ሙሉ ነው ይል ነበር እኮ... በየቀኑ አየው ነበር።" መርፌው ተጣብቆ ነው። ማንን ልቆጣ? መጠባበቂያ ብልቃጦቹንም እዚያው ደርድሬያቸዋለሁ። ምን ነክቶኝ ነው? ዘራቸው ሌላ ቦታ የለም። ማጠቢያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 13
ልደፋቸው ተነሳሁ፣ እጄ እምቢ አለ። አባዬ ደወለ። ድምፁ ቀጥኗል። "ልጆችሽ ደህና ናቸው?" ልጆችሽ ነው የሚላቸው። "ደህና ናቸው አባዬ።" ምን ልበለው?

ኅዳር 14
ከመድፋቴ በፊት ውሃውን መረመርኩ። መመርመሪያውን ጠብ ሳደርግ ሰማያዊ ሆነ... አሞኒያ! ለማነጻጸር አጠገባቸው ያስቀመጥኳቸው የጤነኞቹ ውሃ ግን ምንም። ይዤ ሮጥኩ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "የሞተ ሴል ሲፈርስም አሞኒያ ይለቃል። በሕይወት እያሉ ነው ወይስ ከሞቱ በኋላ? ድገሚውና ልመን።"
በምን ልድገመው?

ኅዳር 21
የማሳየው ስለሌለኝ ወሩ ሳያልቅ መደርደሪያው ተወሰደ። ጢሞ የራሱን ግማሽ ለቀቀልኝ፤ ዓይኔን ግን አያየኝም። ለአባዬ እውነቱን ነገርኩት።
"ሁሉም?"
"ሁሉም።"
"መቼ?"
"አንተ ጋ ሳለሁ።"
"በኔ ሰበብ ነው በይኛ።"
"አይደለም" አልኩ። አላመነኝም።

ኅዳር 28
ከጤነኞቹ እንደገና ጀምሬያለሁ። በጨረር መትቼ ሳህን ላይ ዘርቻቸው ነበር፤ ከነዚያ ሁሉ ነጠብጣቦች አንዱ እንኳ ተበላሽቶ በተራ አየር ቢጠወልግልኝ... ዛሬ አየኋቸው። ሁሉም ለምለም። ጢሞ "ሲያምሩ!" አለና ወዲያው አፉን ያዘ። ለምለሙን ሁሉ ደፋሁ። ሳህኑን አጥቤ ሌላ ዘራሁ።