የበሩ ሥር ጠረጴዛ

ጥቅምት 6

…«በሩን ዝጊና ቁጭ በይ» ነበር ፕሮፌሰሯ ያሉኝ፣ ያኔ፣ አዲስ የገባሁ ሰሞን። የመጀመሪያ ጽሑፌን ይዤላቸው ሄጄ። ዘጋሁ። ቁጭ አልኩ። ስማቸው ከፊት ቢሆን የመጽሔቱ አዘጋጆች ቶሎ እንደሚያዩልኝ ነገሩኝ። «ላንቺው ብዬ ነው» አሉ። ደስ አለኝ እኮ። የሚያስብልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ…

ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ? በሩ ይሆናል። የክፍላችን በር ከፍ አድርገው ካልገፉት አይዘጋም። የገባ ሁሉ ክፍቱን ጥሎት ያልፋል፣ ነፋሱ ወረቀቴን ይበትናል፣ እኔ ተነስቼ እዘጋለሁ። በሩ ሥር የሚቀመጠው ጀማሪ ነው። ዘንድሮም እዚያው ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ለሙከራ የማረባቸውን ነቀዞች ነፋሁ፣ ጠርሙሶቹን ቀየርኩ። ጸጉሬ ዱቄት ዱቄት ይሸታል።

ጥቅምት 9

ማስታወቂያ ወጣ። አንድ ቋሚ የተመራማሪ ቦታ፣ በኛው የትምህርት ክፍል። ኮንትራቴ ሰኔ ላይ ያልቃል። ወይ ይሄ፣ ወይ… ወይ ምን? ሌላ የለም።

ፕሮፌሰሯ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ትከሻዬን አቅፈው። እንዳመለክት፣ ኮሚቴው ውስጥ እሳቸውም እንዳሉበት፣ እንዳልሰጋ። «አይዞሽ የኔ ልጅ።» ክፍሉ ሁሉ «እናታችን» ነው የሚላቸው። እኔም እላለሁ።

ጥቅምት 17

የጀማሪ ተመራማሪዎች ድጋፍ ስልጠና። አዳራሹ ብርድ ብርድ ይላል። አሰልጣኙ ፈገግታው ከፊቱ የማይወርድ ሰው ነው። በየተራ እየተነሳን ሥራችንን እንድንናገር አዘዘን፤ የአማካሪን ስም መጥራት ክልክል።

ተነሳሁ። ነቀዝ አንዱን የበቆሎ ዘር በልቶ አጠገቡ ያለውን ለምን ይተዋል… እያልኩ ጀመርኩ። እኛ እንዲህ አደረግን፣ እኛ ይህን አየን፣ እኛ…

አስቆመኝ። «ይቅርታ፣ እኛ ማን ነው?»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጥቅምት 18

እኛ ማን ነው?

ጥቅምት 26

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ምሳ በላሁ፣ ጎማ ጥገና ቤቱ ጓሮ። ለሠራተኞቹ «እህቴ ነቀዝ አርቢ ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ። «ሰው ያጠፋዋል፣ እሷ ታደልበዋለች።» ተሳሳቅን። በኋላ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ እማዬ ጎረቤት ሲጠይቃት የምትለው እንደጠፋት ነገረኝ። አሁንም ጀማሪ ናት ልበል እንዴ፣ ትላለች አሉ።

«ኧረ መቼ ነው እርስዎ የምንልሽ?» አለኝ።

ቀልዱን ነው። ቀልዱን አይደለም።

ኅዳር 11

አዲሱ ጽሑፍ አለቀ። ነቀዝ ዘሩን የሚመርጠው በጠረኑ ነው፣ በቅርፊቱ ጥንካሬ አይደለም። ይህን ማንም አልነገረኝም። ጠርሙስ እያጠብኩ ነው የመጣልኝ፣ ብቻዬን፣ እጄ ሳሙና እንደሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሙከራ ሁሉ የሠራሁት ራሴ ነኝ።

ርዕሱ ሥር አንድ ስም ብቻ ጻፍኩ። ገጹ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩት።

ለቦታው ከምቀርብበት ቃለ መጠይቅ በፊት ልላከው። ብቻዬን የሠራሁት አንድ እንኳ ይኑረኝ።

ኅዳር 13

ጽሑፉን ለፕሮፌሰሯ አሳየኋቸው። ለምን አሳየሁ? ማን አሳዪ አለኝ? ልማድ… ሳላስፈቅድ ውሃ የማልጠጣ ሰው ሆኛለሁ።

እስከ መጨረሻው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«በሩን ዝጊና ቁጭ በይ።»

ሥራው ግሩም እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ግን ገና ነኝ። ብቻዬን ብልከው ይጥሉታል። ቦታው ሊወሰን ሲል የተጣለ ጽሑፍ ይዤ ልቀርብ ነው? እሳቸው ካሉበት ግን… አልጨረሱትም። እኔ ጨረስኩላቸው። ስማቸውን አስገባሁ፣ ከፊት። በገዛ እጄ።

ስወጣ አመሰገንኳቸው። አመሰገንኳቸው!

ኅዳር 14

ነቀዝ ፍሬውን ከውስጥ ነው የሚጨርሰው። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልጎደለውም። ይህን ለማወቅ ዶክትሬት ያስፈልግ ነበር?

ታኅሣሥ 8

ቃለ መጠይቅ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ማዶ እነሱ፣ ወዲህ እኔና አንድ ብርጭቆ ውሃ። መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከሌላ ክፍል የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ጽሑፎቼን አገላብጠው ጠየቁኝ።

«ከነዚህ ውስጥ የብቻሽ የቱ ነው?»

ፕሮፌሰሯን አየኋቸው። እሳቸው እስክሪብቷቸውን ያያሉ። ክዳኑን መክፈት፣ መግጠም፣ መክፈት።

«ሁሉንም እኛ…» አልኩ።

እኛ። ምላሴን ቢቆርጡት ይሻል ነበር።

ታኅሣሥ 15

ቦታውን ሌላ ሰው አገኘ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው። ጽሑፎቹ ከኔ ያንሳሉ። የራሱ ናቸው ግን።

የክፍሉ ጸሐፊ ነች የነገረችኝ፣ ወረቀት የምትመታ መስላ፣ ቀና ሳትል። ቃለ ጉባኤ የያዘችው እሷ ነበረች። «እናታችሁ ምን እንዳሉ ልንገርሽ?» አለች። አትንገሪኝ ማለት ነበረብኝ።

«ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ራሷን አልቻለችም። ያለኔ አንድም ነገር ጽፋ አታውቅም።»

እውነቷን ነው እኮ። የቱን ቃል ውሸት ልበል? ያለሷ አልጻፍኩም። ያለሷ…

ያለሳቸው ልል ነበር። እጄ እምቢ አለ። እሷ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ እሷ ነች።

ታኅሣሥ 17

አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ነቀዞቹን ማን ነፋ ይሆን? ማንም።

ታኅሣሥ 22

አስጠራችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። አልቅሳ ነው ወይስ ጉንፋን? በጣም ታግላልኝ እንደነበር ነገረችኝ። ኮንትራቴን ለአንድ ዓመት አስረዝማልኛለች። ደግሞ አዲስ ጀማሪ ተቀጥራለች፣ የምደግፋት እኔ ነኝ። «ሰው ማብቃትም እኮ ያስቆጥርልሻል። የሚቀጥለው ቦታ ሲወጣ…»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ…» አልኩ። አፌ ላይ አሁንም እርስዎ ነች።

ጥር 4

ወደ መስኮቱ ተዛወርኩ። ብርሃኑ ያጥበረብራል፣ አለመድኩትም።

አዲሷ ልጅ በሩ ሥር ተቀመጠች። ጸጉሯን በእርሳስ ጠምዝዛ ነው የምታስረው። ነቀዝ ትፈራለች። ጠርሙሱን ከፊቷ አርቃ፣ በሁለት እጇ፣ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው። «ይበራሉ እንዴ?» አለችኝ። አንዳንዱ ይበራል አልኳት።

«እርስዎ አይፈሩም?»

አንቺ በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። በመጨረሻ እርስዎ የሚለኝ ሰው ተገኘ አልኩት። ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። በሩ ሥር የምትቀመጠዋ አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የካቲት 19

ጽሑፉ ወጣ። ሻይ ቤት አንዱ ለሌላው «የፕሮፌሰሯን የጠረን ነገር አየኸው?» ሲለው ሰማሁ። ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ክፍል ስገባ በሩን ክፍቱን ጥዬው አለፍኩ። ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የታወቀኝ። ልጅቷ ተነስታ ዘጋችው። እኔም ተነስቼ እዘጋ ነበር፣ በዘመኔ።

መጋቢት 25

ፈጣን ናት። ያሳየኋትን አትረሳም፣ ያላሳየኋትን ታያለች። ደስ ሊለኝ ይገባል። ይለኛልም… አንዳንድ ቀን።

ሚያዝያ 12

መስከረም ላይ ሌላ ቋሚ ቦታ ይወጣል ይባላል። አንድ። ከፊት የሚቀመጥ ስም ያስፈልገኛል፣ ጸሐፊዋም ሳትቀር ይህንኑ ነገረችኝ።

ከምሳ በፊት ልጅቷ ጽሑፏን አመጣችልኝ። ርዕሱ ሥር አንድ ስም። የሷ።

ሌሎቹ ምሳ ወጡ። ተቀምጬ አነበብኩት። ነቀዞቹ አንዴ የበሉበትን ጠርሙስ ቢያጥቡትም ለይተው ያውቁታል፣ ይላል። ስንት ጠርሙስ አጥቤ አልታየኝም? ስህተት ፈለግሁ። አንድ ሰረዝ አገኘሁ፣ ያለቦታው የገባ።

ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቀኛለች። የገባውም የወጣውም ክፍቱን ጥሎት በሩ ቧ ብሏል፣ ነፋሱ የገጹን ጠርዝ ያነሳዋል። በመዳፌ ያዝኩት።

«ጥሩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው።

ፊቷ በራ። «እንግዲያው ልላከው?»

መነጽር የለኝም የማወልቀው። ዓይኔን አሸሁ።

«በሩን ዝጊና ቁጭ በይ» አልኳት።

ሄደች። እንዳሳየኋት ከፍ አድርጋ ገፋችው። ተዘጋ።