መዳፍሽን አሳዪኝ

ውድ ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ትከሻህስ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዝሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

የብስክሌት ፍተሻ ክፍላችን እንዳለ ነው። የዲስክ ፍሬን ግሎ ሲሸት ዛሬም ከኋላዬ የቆምክ ይመስለኛል። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አንተን አክብረው እንዳይመስልህ፣ አንድ እግሩ ስለተሰበረ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ያለ መፍቻ በእጅ የሚቆለፈውን የፊት ጎማ እጀታውን እያሽከረከርኩ ሳጠብቅ አየኸኝ። “አንቺ ቀዥቃዣ! ቧንቧ እየዘጋሽ ነው እንዴ? እጠፊው እንጂ!” ብለህ ሳቅክብኝ። እጀታው በደንብ ተጭነው ሲያጥፉት መዳፍ ላይ ቀይ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ እኔ እቆልፋለሁ፣ አንተ ትነዳለህ፤ ከመውጣትህ በፊት ግን “መዳፍሽን አሳዪኝ” ትላለህ። እናቴ እንኳ እጄን መታጠቤን እንዲህ ተቆጣጥራኝ አታውቅም። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር መሰለህ።

የአደጋው ቀን የምንፈትሸው አራት ብስክሌት ነበረን። ሦስቱን ቆለፍኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር አራተኛውን በጣቴ ገፋ አድርጌ ተውኩት። “መዳፍሽን” ስትለኝ የሦስተኛውን ምልክት አሳየሁህ፤ አመንከኝ። የዲስክ ፍሬን ሲያዝ የላላ ጎማን ገፍቶ እንደሚያስወጣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። የመፈተሻው ቁልቁለት ግርጌ ፍሬን ስትይዝ የአራተኛው ጎማ ተነቅሎ ወጣ፤ በትከሻህ ወደቅክ።

ሆስፒታል ስመጣ አፌን ሳልከፍት ቀደምከኝ። “ጥፋቱ የኔ ነው፤ እጀታውን ራሴ ነካክቼዋለሁ ብዬ አስጽፌያለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።” አለመንካትህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን እንዳልከኝ ተመልሼ ሥራዬን ሠራሁ። አንተ በዚያው ጡረታ ወጣህ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራህ የተጻፈብህ ስህተት ያ ብቻ ነው፣ እሱም የኔ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? የኔ ንጋት በጣም ዘገየ። አሁን የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። ትናንት የአደጋ መዝገቡን አውጥቼ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩበት፣ በስሜም ፈረምኩ። ኮፒው ከዚህ ጋር አለ። አለቆቼ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ቢያባርሩኝም አይፈረድባቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌት ይዤ ደጅህ እመጣለሁ። የፊት ጎማውን እዚያው ፊትህ እቆልፈዋለሁ። መንዳቱ ቢቀርብህም ግድ የለም። መዳፌን ብቻ እይልኝ።

ቀዥቃዣዋ ልጅህ