ኪስ ውስጥ የገባ ሙሾ

ውድ እቴቴ ጥላነሽ፣

እንዴት ሰነበቱ? የእኔን ደህንነት አይጠይቁኝ። ይህን የምታነብልዎት እየሩስ ናት፤ ልጅዎ ናትና እሷም ትስማው።

ወንድሟ ምስጋናው የተቀበረ ዕለት፣ እርስዎ ለገዛ ልጅዎ ሙሾ ሲያወርዱ፣ እኔ የእህትዎ ልጅ ድንኳኑ ጥግ ቆሜ በስልኬ ቀዳሁት። ለማስታወሻ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አዲስ አበባ ስመለስ ድምፅዎን ቆራርጬ፣ እየደጋገምኩ፣ በጊታር ጩኸት ጠቀለልኩት። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ሮክ ስጫወት ከባንዱ ልጆች በቀር ሰሚ አልነበረኝም። የጊታሩን ክር በቢላዋ ስፍቅ፣ በብሎን ስመታ፣ "ይሄ ልጅ ጤናም የለው" ይሉኝ ነበር። በእርስዎ ለቅሶ ግን ሰው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ዘለለ። አዲስ ድምፅ አመጣ ተባልኩ፤ እኔም የማን ድምፅ እንደሆነ ሳልናገር ተመሰገንኩ።

ሰው ባልሞተበት ሙሾ እንደማይወረድ የከተማችን የአማኑኤል ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔ መጠጥ ቤት አወረድኩት። ከደብረ ማርቆስ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ሰምተውት፣ መንገድ ላይ ወርደው የቀረውን በእግርዎ እንደሄዱ እየሩስ ነግራኛለች። ደውዬ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኩም። በምን አፌ!

ዘንድሮ እናቴ ስትሞት ለቀስተኛው ሁሉ እርስዎን ጠበቀ። እርስዎ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ደመላሽ፣ ያ ስልክህ የት አለ?"

"ቤት ትቼዋለሁ፣ እቴቴ።"

"በእናትህ አስከሬን ማልልኝ።"

ማልኩ። አምነውኝ ሙሾውን ጀመሩ፤ "የብርጓል፣ እህቴ፣ ደጁን ለማን ጥለሽ" ሲሉ ወንዱም ሴቱም ተንሰቀሰቀ። እኔም አለቀስኩ። ስልኩ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይቀዳ ነበር። በስህተት የበራ አይደለም፤ ድንኳኑ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ራሴ ነኝ የከፈትኩት።

ለማንም አላሰማሁትም። አንድ ቀን ግን በሬን ዘግቼ ጊታሬን አብሬው ተጫወትኩ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ይህን መጻፍ ከመሐላው የባሰ ያሳፍረኛል፤ ያኔ የማስበው ስለ እናቴ አልነበረም፣ ስለ ድምፁ ማማር ነበር።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ስልኩን እጅዎ ላይ አኖረዋለሁ፤ ቢፈልጉ ይስበሩት። "ሌላ ቅጂ የለኝም" ብዬ ጽፌልዎ ነበር፤ ሰረዝኩት። አለኝ። እሱንም ይዤ እመጣለሁ።

ያሳፈርኩዎ ልጅዎ፣
ደመላሽ