ለፎቶ ያወጣነው እጅ

ውድ አክስቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ብቻ ነው፤ አንጀቴስ አሯል። ስልክሽን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም። ድምፅሽን ስሰማ ስለሚያቅለሸልሸኝ ነው።

የወጣቶች ምክር ቤት ሲቋቋም ቤታችን ድረስ መጥተሽ «አንቺ መቼም አፍ አታጪም፣ ግቢበት! ከእንግዲህ እናንተን ሳንጠይቅ የምንወስነው ነገር የለም» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ምክትል ከንቲባዋ አክስቴ ናት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ሞኝ!

የስብሰባው ቀን አዳራሹ በር ላይ «ድምፃችን ይሰማል» የሚል ቲሸርት አደላችሁን። ከዚያ ፎቶ አንሺው መጣና «ስብሰባው ሳይጀመር አንድ ሞቅ ያለ ፎቶ እናንሳ፤ እስቲ እጃችሁን አውጡ» አለ። አንቺም ከጎኑ ቆመሽ «ከፍ፣ ከፍ! ፈገግ በሉ እንጂ፣ የመታወቂያ ፎቶ ነው እንዴ?» እያልሽ አሳቅሽን። እኔ ፊት ረድፍ ነበርኩ፤ ክንዴ እስኪገነጠል ዘረጋሁት። ከዚያ ጭማቂና ብስኩት ቀረበ፣ የመናፈሻው ወንበሮች ምን ዓይነት ቀለም ይቀቡ ተባልን፣ አረንጓዴ አልን፣ ተጨብጭቦልን ተሸኘን። ስለ አውቶቡስ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ፎቷችንን ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ በር የሚያክል። ከሥሩ «የወጣቶች ምክር ቤት የማታው አውቶቡስ እንዲቋረጥ በሙሉ ድምፅ ሲደግፍ» ይላል። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ያ አውቶቡስ ለማን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? እህቴ ቀን ዳቦ ቤት ቆማ ትውላለች፣ ማታ የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች። በመጋዘኖቹ በኩል ያለውን ጭር ያለ መንገድ «ለሴት ልጅ አይሆንም» የምትዪው ራስሽ ነሽ። አውቶቡሱ ከቀረ በኋላ በእግሯ ሞከረችው። አንድ ማታ ሰው ተከታተላት፤ ጫማዋን ጥላ ሮጣ ገባች። ከዚያ ወዲህ አልሄደችም። ለመመረቅ ጥቂት ሲቀራት!

ፎቶውን ያየችው ከእኔ በኋላ ነው። አልጮኸችብኝም። «እጅሽን ምን ብለሽ ነው ያወጣሽው?» አለችኝ።

«ለፎቶ» አልኳት።

ሳቀች። ያን ሳቅ ከምሰማ በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አባዬ «ተይ፣ እህቴ ናት፣ ገመናችንን አደባባይ አታውጪ» ይለኛል። ገመናውማ በር ላይ ተለጥፏል! አንቺ ደግሞ «ልጅ ናት፣ አሠራሩ አይገባትም» ብለሽዋል አሉ። አሳምሮ ገብቶኛል! የፈለጋችሁን ለጌጥ ነው። የሚያንገበግበኝ ደግሞ መዋሸትሽ ብቻ አይደለም፤ እየሳቅሽና እያሳቅሽን መሆኑ ነው። ቱ!

ለማንኛውም የምክር ቤቱን ልጆች አንድ በአንድ አግኝቻቸዋለሁ። እነሱም እንደኔ ደማቸው ፈልቷል። እህቴን እንደ ምንም አሳምኛታለሁ፤ ሐሙስ ትምህርቷን መልሳ ትጀምራለች። ስትወጣ ሁላችንም ቲሸርታችሁን ለብሰን ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንጠብቃትና በእግራችን ቤት እናደርሳታለን። በማግስቱም እንዲሁ፣ አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ።

አንቺም ነይ። መኪናሽን ትተሽ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትለሽ ነይ። ፈገግ እንልልሻለን። መንገዱ ላይ አንድም መብራት ስለሌለ ግን እጃችንን ብናወጣም አይታይም።

የወንድምሽ ልጅ፣
ፊት ረድፍ ላይ ያለችው